የመጀመሪያው ቁራሽ

ጽጌወይን አትክልቱ ቦታ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። የቀረው ኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም፣ ከግንቡ ሥር የተጋደመ መሰላልና ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ድፎ ዳቦ ነው። ፖሊሶች ማለዳ መጥተው ዙሪያውን አይተው፣ «ሽማግሌው ሥዕል ሲሥሉ ከመሰላል ወድቀዋል» ብለው ሄደዋል። በዚያ ሐሙስ የአሜሪካ ሕዝብ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ፣ ኔቫዳ የምርጫ ድምፅ ቆጥራ እስክትጨርስ ይጠባበቅ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ሞት ጊዜ ያለው አልነበረም።

የጠሯት የሟቹ የጋሼ መልከጼዴቅ ባለቤት እትዬ አስካል ናቸው።

«ጽጌ፣ አንቺ ዕድሜሽን የሰው እጅ ስታዪ ነው የኖርሽው» አሏት። «መልኬ ከመሰላል አልወደቀም። እስቲ እዪልኝ።»

እውነታቸውን ነው። ጽጌወይን ወረርሽኙ ሥራ እስኪያስፈታት ድረስ በአንድ ትልቅ ካዚኖ የካሜራ ክፍል ተቀምጣ፣ ካርታ የሚያድሉትንና የሚጫወቱትን ሰዎች እጅ ስትጠብቅ ኖራለች። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተማረችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አፍ የፈለገውን ይናገራል፤ እጅ ግን የለመደውን ያደርጋል።

«ለምን አልወደቁም አሉ?»

«ዛሬ ብሩሽ አይነካማ! የመታሰቢያው ቀን ነው። ትናንት አጥቦ እንደደረደራቸው ናቸው፤ እዪያቸው።»

ጽጌወይን ብሩሾቹን ዳሰሰች። ደረቅ ናቸው። የቀለም ቆርቆሮዎቹም እንደተከደኑ ነው። ቀና ብላ ግንቡን አየች። ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሟቹ ሁለት ዓመት የደከሙበት ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። መንገድ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት፣ ዳቦ የተሸከሙ ሴቶች፣ የተነጠቀ መሬታቸውን የሚያርሱ ወንዶች፣ ሁሉም ራሳቸው ላይ ነጭ ላባ ሰክተዋል። ከፊታቸው ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል።

ታሪኩ የናይሪ ነው። ናይሪ በወጣትነታቸው ከአንድ የዳንስ ቡድን ጋር ከኒውዚላንድ ቬጋስ መጥተው የቀሩ፣ የዚያች አገር ነባር ሕዝብ የማኦሪ ተወላጅ ናቸው። ስፕሪንግ ቫሊ በሚባለው ሰፈር ከባላቸው የወረሱትን ይህን መሬት፣ በሰማንያዎቹ በስደት ለመጡ ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጎመንና ቃሪያ እንዲያበቅሉበት ከሰጡ ቆይተዋል። አምና ዙሪያውን የገዛ አንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ «ግማሹ የእኔ ነው» ብሎ ሲነሣና ወጣቶቹ ድንጋይ ሊያነሡ ሲሉ፣ አሮጊቷ ፓሪሃካ ስለምትባል የአያቶቻቸው መንደር ነገሯቸው።

«ነጮቹ መሬታችንን ሲሸነሽኑ የእኛ ሰዎች ችካላቸውን ነቀሉ፤ የተነጠቀውን አረሱ» አሏቸው። «አራሾቹ ሲታሰሩ ሌሎች ተተክተው አረሱ። ወታደሩ ሲመጣ ሕፃናት እየዘፈኑ መንገድ ላይ ጠበቁት፤ ሴቶቹ ዳቦ አቀረቡለት። የአያቴ እናት ከሕፃናቱ አንዷ ነበረች። መንደሩ ፈረሰ። ዘፈኑንና ላባውን ግን ማሰር አልቻሉም።»

ይህ የሆነው በፈረንጆች 1881፣ ኖቬምበር አምስት ቀን ነው። ዛሬም ኖቬምበር አምስት ነው።

ከዚያ ወዲህ የአትክልቱ ሰዎች ሥርዓት አበጁ። ኩባንያው የተከለውን ችካል በጠራራ ፀሐይ ይነቅላሉ፤ ሳይሰብሩ በሩ ላይ ይደረድሩለታል። እትዬ አስካል ዳቦ ይጋግራሉ፤ ጋሼ መልከጼዴቅ ባርከው ይቆርሳሉ። የመጀመሪያው ቁራሽ ሊያስወጣቸው ለመጣው ሰው፣ ለኩባንያው ጥበቃ ይሰጣል። እሱ ሳይቀበል ከእነሱ ማንም አይቀምስም።

ማክሰኞ ግን ከሮማኑ ዛፍ ሥር አንድ ጉድጓድ ተገኘ። ድንበሩ የእነሱ መሆኑን የሚመሰክረው፣ ከጥንት የተቀበረው ብረት ተነቅሎ ተወስዷል። ወዲያ ወዲህ ተብሎ አልተቆፈረም፤ አንድ ጉድጓድ ብቻ። ቦታውን የሚያውቁት ደግሞ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ ጋሼ መልከጼዴቅ፣ እትዬ አስካል፣ ልጃቸው ሐሴት፣ ናይሪና የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘሪሁን። ድንበሩን የሚወስነው ችሎት ደግሞ ሰኞ ነው።

ሐሴት መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። በተከፈተው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የቤንዚን ጀሪካን ይታያል።

«ዛሬ የኩባንያው ትራክተር ይቃጠላል» አለች። «ጋርዱ ነው ዳዲን የገደለው። ፖሊሱ ኬር አያደርግም። ፍሬንዶቼ እየመጡ ነው።»

«ትናንት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ! ዳቦ ስጡ፣ ዳቦ ስጡ ይላል። ብረቱን ወሰዱ፣ እሱ ገና ዳቦ! እኔ ጮህኩበት።» ዓይኗ ሞላ። «ላስት የነገርኩት ነገር እሱ ነው።»

ናይሪ ከኋላ መጥተው ጀሪካኑን አዩት። «አንድ ክብሪት ከተጫረ ዳኛው ሰኞን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ያስወጣናል» አሉ በእንግሊዝኛ። «ኩባንያው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ስጪኝ» አለች ጽጌወይን። «ገዳዩን ካላገኘሁ ያሻሽን አድርጊ።»

ሐሴት ወደ መኪናዋ ዞረች። እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም ብለው ያስያዟት ኬክ ከእጇ ወደቀ። በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ወደ ቆሻሻው ሰደደችው።

«ወይ ጉዴ!» አሉ እትዬ አስካል። «እህል በጫማ?»

«ጀርም አለው፣ ማሚ።»

ጽጌወይን ይህን አየች።

የኩባንያው ጥበቃ ብራንደን ዋናው በር ላይ መኪናው ውስጥ ነበር። ገና ወጣት ነው፤ ስትቀርበው ማስኩን አስተካከለ።

«እኔ አልነካኋቸውም» አላት ሳትጠይቀው። «ደግ ሰው ነበሩ። በዚህ በር የገባ ሰው አላየሁም። የኋላው በር በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት የአትክልቱ ሰዎች ናቸው።»

«ዳቦውንስ በላህ?»

አቀረቀረ። «ሁልጊዜ እዚሁ ቆሜ፣ ትኩሱን ነው የምበላው። ዛሬ አልመጣልኝም። ረሱኝ ብዬ ነበር።»

ተመልሳ ጨርቁን ገለጠች። ዳቦው ላይ አንድ ቁራሽ ጎድሏል።

«እርስዎ ሲያመጡት ሙሉ ነበር?»

«ሙሉ!» አሉ እትዬ አስካል። «ገና ሲነጋ ለመልኬ ሰጥቼው ናይሪን ላመጣ ሄድኩ። ስንመለስ…» እንባቸውን ጠረጉ። «እኔስ እንዳልገደልኩት በምን ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው የምታዪኝ።»

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የማየው፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በዚህ መካከል አንዲት ድንቢጥ ከግንቡ አናት ላይ ፍርፋሪ ይዛ በረረች። ጽጌወይን መሰላሉን አቁማ ወጣች። የጠፋው ቁራሽ እዚያ ነው። አልተነከሰም። ሆዱ ላይ አፈር ነክቶታል፤ ግን አልተወረወረም፤ ቅርፊቱ ወደ ታች ሆኖ በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ልክ ከተሣለችው ሕፃን ራስ በላይ።

«አውርጅው!» ብለው ጮኹ ናይሪ ከታች። «ምግብ ከራስ በላይ! እባክሽ አውርጅው።»

«ነውር ነው?»

«ለእኛ ራስ የተከበረ ነው፤ ምግብ አይጠጋውም። እነዚህ ደግሞ የሞቱ አያቶቼ ናቸው።»

«ጋሼ መልከጼዴቅ ይህን ያውቁ ነበር?»

«የሻይ ኩባያውን እንኳ ወደ ሥዕሉ አያስጠጋም ነበር።»

ዘሪሁን ከሰዓት በኋላ መጣ። ቁመተ ረጅም፣ አለባበሱ ያማረ፣ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነው። በበጋው ኢንስፒራዳ በሚባለው ውድ ሰፈር አዲስ ቤት ገብቷል። እትዬ አስካልን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አባቴ ነበሩ» አላት ጽጌወይንን። «ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሦስት ዓመት ሶፋቸው ላይ ነው ያደርኩት።»

«ማለዳ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ምርጫውን እያየሁ።»

«ናይሪ ስለ ፓሪሃካ ሲያስተምሩ ትገኝ ነበር?»

«ስብሰባውን የምመራው እኔ አይደለሁ? ለተረቱ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጆሮ የለኝም። ስልኬን ነው የማየው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆቹ ዛሬ አንድ ነገር ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም። እኔ አልይዛቸውም።»

ጽጌወይን ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያም ስልኳን አንሥታ ለፖሊስ ደወለች።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ሁሉም ከግንቡ ፊት ተሰበሰቡ። እትዬ አስካልና ናይሪ ወንበር ላይ፣ ሐሴት ቁልፏን ጨብጣ ከጓደኞቿ ጋር፣ ዘሪሁን ከዳር። ብራንደን ከሩቅ ትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። አንድ መርማሪ ፖሊስ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ይመለከታል።

«መሰላሉን የጣለው ገዳዩ ነው» ብላ ጀመረች ጽጌወይን። «ጋሼ ዛሬ ብሩሽ እንደማይነኩ አላሰበም። አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ። የመጀመሪያው ቁራሽ የሚቆረሰው ለማነው?»

«ለጋርዱ» አለች ሐሴት።

«ሊያስወጣን ለመጣ ሰው። ዛሬ ተቆርሷል፤ ብራንደን ግን አልደረሰውም።»

«ዋሽቶ ቢሆንስ?» አለ ዘሪሁን።

«ቢደርሰው እዚያው ይበላው ነበር። ቁራሹ ግን ሳይነከስ ግንቡ አናት ላይ ነው ያገኘሁት፤ አፈር ነክቶታል። ወድቋል፤ ከዚያ አንድ ሰው አንሥቶ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጦታል።» ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «እህል መሬት ሲወድቅ አንሥቶ፣ ስሞ፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ የሚያኖር ማነው? ብራንደን? ይህን ማን አስተማረው? ሐሴት? በጫማዋ ስትገፋው ሁላችንም አይተናል።»

ሐሴት ቀላች። እትዬ አስካል፣ «እኔ አደርገዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ያደርጋሉ። ግን እጅዎ እዚያ አይደርስም፤ ቢያስቀምጡም አጠገብዎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ናይሪ ከሞቱ አያቶቻቸው ራስ በላይ ምግብ አያስቀምጡም። ጋሼም እንደዚሁ። ስለዚህ ያ ሰው አገር ቤት ያደገ ነው፤ ረጅም ነው፤ እዚህ ስብሰባ እየመጣ ግን የናይሪን ትምህርት ከቁም ነገር አልቆጠረም።»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

«ጽጌ፣ አብደሻል?» አለ ዘሪሁን። «ወፍ ወስዶት ቢሆንስ?»

«ወፍ ቅርፊቱን ወደ ታች አድርጋ አታኖርም። የብረቱን ቦታ የምታውቁት አምስት ብቻ ናችሁ፤ ጋሼ ማን እንደነቀለው ደርሰውበት ነበር። ብቻህን ጠሩህ። አልሰደቡህም፤ ዳቦ ቆረሱልህ። ከእኛ ሳይሆን ከዚያኛው ወገን እንደመጣህ አድርገው ተቀበሉህ።»

«ማስረጃ አምጪ!»

እትዬ አስካል ተነሡ። ዳቦውን ቆርሰው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ከቁጣ የከበደ ነገር ነበር።

«እንካ። እሱ ሲሰጥህ አልበላህም።»

ዘሪሁን እጁን ሰደደ። ቁራሹ አምልጦት መሬት ወደቀ።

ወዲያው ጎንበስ አለ። አነሣው። ማስኩን ዝቅ አድርጎ ሳመው፤ ረጅም እጁም ሳያስበው ወደ ግንቡ አናት ተዘረጋ። ከሕፃኗ ራስ በላይ ሲደርስ እጁ በአየር ላይ ቆመ። የገዛ እጁን ገና እንዳየው ሰው ሆኖ ተመለከተው።



«ቢሰድቡኝ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፤ «በጥፊ ቢመቱኝ ኖሮ። 'እንካ፣ ለጥበቃው የምሰጠው የመጀመሪያው ቁራሽ ነው' አሉኝ። እኔን! ሶፋቸው ላይ ያደርኩትን! እጃቸውን ገፋሁት… ወደኋላ ሄዱ… ኮንክሪቱ…»

«እኛን በምን ሸጥከን?» አሉት እትዬ አስካል።

«ኩባንያው የሚሠራቸውን ቤቶች እኔ ላሻሽጥ ብዬ።»

ናይሪ ቀርበው ከእጁ ቁራሹን ወሰዱለት። «ብረቱ የት ነው?»

«ጋራዤ ውስጥ። የኩባንያው ሰዎች ጣለው አሉኝ። መጣል… አልቻልኩም።»

መርማሪው የጽጌወይንን አጭር ትርጉም ሰምቶ ወደ እሱ ሄደ። ብረቱ ሰኞ ዳኛው ፊት እንደሚቀርብ ሁሉም ገባቸው። ማንም ግን ደስ አላለውም። እትዬ አስካል ዘሪሁን ሲወሰድ አላዩትም፤ ባዶ መዳፋቸውን ነበር የሚያዩት።

ሐሴት ወደ መኪናዋ ሄደች። ጓደኞቿ ተከተሏት። ልጅቷ የዕቃ መጫኛውን ድርግም አድርጋ ዘግታ፣ ቁልፏን ኪሷ ከትታ ተመለሰች። ቢላውን አንሥታ አባቷ እንደሚያደርጉት ዳቦውን ባረከች፤ ቃሉ አልሞላላትም፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ከዚያ አንድ ቁራሽ በጨርቅ ይዛ፣ ልታቃጥለው ወደነበረው ትራክተር አጠገብ ወደቆመው ወጣት ሄደች።

ብራንደን ተቀበላት።

«ሶሪ» አለችው። «ዛሬ ዘግይቷል።»