ሁለት ዙር የተቆለፈ በር

ይህ የእውነት የሆነ ነገር ነው። የዛሬ ዓመት አይደለም፣ ጓደኛዬ የነገረችኝም አይደለም... አሁን እየሆነ ያለ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ አለ። መንገዱ ላይ መኪና ይጮኻል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነው። እኔ ግን የገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን በስልኬ እየጻፍኩ ነው።

እናቴ ውስጥ ናት።

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው እኔም "ይቺ ደግሞ ምን ነካት" ብዬ አልፈው ነበር። ወንድሜ እስኪደርስ ግን ለሆነ ሰው ካልተናገርኩ አብዳለሁ።

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቹ ልኬቱን ይልኩልናል፣ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርሱን እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ መሞረድ፣ ማለስለስ፣ ማብረቅረቅ ነው። ቤት ስገባም እጄ አላርፍ ይለኛል። እናም ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ጀመርኩ።

ቁልፍን ያለ ቁልፉ የሚከፍት መሣሪያ መሥራት።

አትደንግጡ፣ የሰው ቤት አልከፍትም። አሮጌ የበር ቁልፎችን ከብረታ ብረት ነጋዴ ላይ እገዛና እነሱን ብቻ ነው የምነካካው። ደስ የሚለኝም መሣሪያውን መሥራቱ ነው። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ጎማ ውስጥ ቀጭን የብረት ልሳን አለ። እሱን አወጣና ጫፉን በትንሽ ሞረድ መንጠቆ አስመስለዋለሁ። ከዚያ ልክ እንደ ጥርስ አለሰልሰዋለሁ። ቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ የተደረደሩ ትናንሽ ፒኖች አሉ፤ በዚያ መንጠቆ አንድ በአንድ ማንሳት ነው። ሁሉም ቦታቸውን ሲይዙ... ቀጭ። ይዞራል።

ታላቅ ወንድሜ "ሌባዬ" ነው የሚለኝ። ለቀልድ ነው። የመጀመሪያዋን መሣሪያዬን ሳሳየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አበላሽቻታለሁ። ሞረዱ አምልጦኝ ጫፏ ላይ ንክሻ የመሰለ ጎድጓዳ ቀርቷል። በዚህ የተነሳ ፒን ስትነካ አንድ ሳይሆን ሁለት መስመር ትጭራለች። ግን የመጀመሪያ ልጄ፣ በኩሬ ናት፣ ልጥላት አልቻልኩም።

እናቴ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻዋን ወጥታ አስፋልት መሐል፣ የመኪና ጥሩምባ እየተነፋባት፣ ቆማ አገኘናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስሄድ በሩን ከውጪ እቆልፍባታለሁ። በራችን ከውስጥም ሆነ ከውጪ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ምሳ ሰዓት መጥቼ አበላታለሁ፣ ከዚያ እንደገና ቆልፌ እሄዳለሁ።

ሲነገር ቀላል ይመስላል።

ሁልጊዜ በሩ ማዶ ሆና "ልጄ... ልትዘጊብኝ ነው?" ትለኛለች። አንጀቴን ትበላዋለች። እኔም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ነው የምመልስላት።

"ሁለት ዙር ነው እማዬ፣ ማንም አይገባም።"

እሷ የምትፈራው ሌባ እንዳይገባ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። የምትፈራው መዘጋቱን እንደሆነ እያወቅሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከሥራ ተመልሼ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሳዞረው በሩ ተከፈተ።

አንድ ዙር።

እኔ ሁለት ነው የምቆልፈው። ረስቼ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግስቱም አንድ ዙር። በሦስተኛው ቀን እንደ ሕፃን ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ቆለፍኩ። ስመለስ... አንድ ዙር።

የእናቴ ጫማ ሶሉ ላይ ጭቃ ነበረበት።

ከጎኑ ያለው የኔ ነጠላ ጫማም ጭቃ ነክቶታል። ቤት ውስጥ ብቻ የማደርገው ነው። ግራው ተበጥሶብኝ በሽቦ አስሬዋለሁ፣ ስራመድ ሽቦው ወለሉን እየነካ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱን አድርጌ ደጅ ወጥቼ አላውቅም።

ቁልፍ ያለን እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ደወልኩና እኔ በሌለሁበት እየመጣህ እማዬን ታወጣታለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ተቆጣ። የጭነት መኪናውን ይዞ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ እንደከረመ ነገረኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከኛ መሐል በር መክፈት የሚያውቀው ማነው?"

በዚያን ቀን ሌባዬ አላለኝም። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ እሱን እጠረጥራለሁ፣ እሱም እኔን ይጠረጥራል፣ እናታችን ደግሞ መሐላችን ቁጭ ብላ ለራሷ ትዘፍናለች።

ከሕንፃው መግቢያ ሥር ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ አሉ። ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ ከእሳቸው አያመልጥም። እናቴን ሲያወጣት ያዩት ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አዩኝ።

"እንዴ... አንቺው አይደለሽ ክንዳቸውን ይዘሽ የምታወርጃቸው?"

"እኔ? መቼ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ ነዋ። ፀሐይ ታሞቂያቸዋለሽ። ሰላም ስልሽ ዝም ትይኛለሽ። ምን አስቀየምኩሽ ልጄ?"

ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል አልኩ። እንደዚያ ማሰቡ ቀለለኝ።

ነገሩ ግን አልዋጥልኝ አለ። ቅዳሜ ዕለት የበሩን ቁልፍ ፈታሁት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ፒኖቹን ደረደርኳቸው፣ ከሥራ ያመጣሁትን አጉሊ መነጽር አደረግሁ። ቁልፍ የሚተወው ምልክትና መሣሪያ የሚተወው ጭረት ይለያያል። ለሚያውቅ ሰው ያስታውቃል።

የውጪው ቀዳዳ ፒኖች ንጹሕ ናቸው።

የውስጠኛው ግን... ሁሉም ተጭረዋል።

ሁለት ሁለት መስመር።

ቦርሳዬን ጎትቼ ቆጠርኩ። መሣሪያዎቼ ሰባት ናቸው፤ በቆርቆሮ ሣጥን ሆነው ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውሉት። በሩ ሲከፈት በኩሬ ከኔ ጋር ሥራ ቦታ ነበረች። እናቴ እንዳልል ደግሞ እጇ ማንኪያ እንኳ አያጸናም።

ሾርባዋን እያጠጣኋት ጠየቅኋት።

"እማዬ... በሩን ማነው የሚከፍትልሽ?"

"አንቺ ነሻ።"

"እኔማ እዘጋለሁ እንጂ።"

ግራ ቀኙን አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "የምትዘጊው አንቺ ነሽ። የምትከፍተው ሌላዋ ናት... እሷ ታዝንልኛለች።"

ተናግራ ሳቀች። ስትስቅ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ጎደለብኝ።

የላይኛውን ጥርሷን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ከራሷ ጥርስ ጋር የሚያያይዘው የብረት ማቀፊያ ነበረው። ማቀፊያው የለም። አልተሰበረም። ከሥሩ በሞረድ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቦታ ምላሷን እንዳይጭራት ደግሞ ተለስልሷል... ልክ እኔ እንደማለሰልሰው።

ያን ዕለት አለቀስኩ። ከፍርሃቱ ይልቅ ያስለቀሰኝ "ታዝንልኛለች" ያለችው ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያደርገዋል ብዬ አስባለሁ። ፒኖቹን በሙሉ ቀየርኩና ከእነሱ ጋር የሚሄድ አዲስ ቁልፍ ሞረድኩ። አንድ ብቻ። ለወንድሜም አልሰጠሁትም፣ ማንንም ማመን አቅቶኝ ነበር። አሁን ስህተቴ ቁልፉን መቀየሬ እንደነበር ይገባኛል።

ሰኞ ሁለት ዙር። ማክሰኞም ሁለት ዙር። ደስ አለኝ።

ረቡዕ እናቴ ምሳዋን አልበላም አለች።

"ተቆጥታለች" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ቁልፏን ቀየርሽባት።"

ዛሬ ሐሙስ ነው። ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕንፃው ጋ ስደርስ ልብስ ሰፊው ቀና ብለው አዩኝ፣ የስፌት መኪናቸው ቆመ። አሁን በፊታቸው አልፌ ወደ ላይ ወጥቼ እንዳልነበር ጠየቁኝ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።

ቁልፌ ገባ።

አልዞረም።

አውጥቼ በቀሚሴ ጠርጌ መለስኩት። አልዞረም። ራሴ የሞረድኩት፣ ምሳ ሰዓት ላይ የቆለፍኩበት ቁልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ፒኖቹን ቀይሯቸዋል። እኔ እንዳደረግሁት አድርጓል።

ሣጥኔን ከፈትኩ። ሰባቱም አሉ። በኩሬን መዘዝኩ። ለምን እሷን እንደመረጥኩ አላውቅም።

አንደኛውን ፒን አነሳሁ... ሁለተኛውን... ሦስተኛውን ስነካ አንደኛው ወደቀ። አያያዜ ነው ብዬ እንደገና ጀመርኩ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛ...

ሁሉም ወደቁ። አንድ በአንድ፣ በተራ፣ ቀስ ብለው።

የውጪውና የውስጡ ቀዳዳ አይገናኙም። ከውስጥ ሆኖ የኔን ፒን መንካት አይቻልም። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ግን እኔ ባነሳሁ ቁጥር የሚያወርድብኝ አለ።

"እማዬ... እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

የሚጎተት እግሯን ሰማሁ። ወደ በሩ መጣች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ልጅሽ ነኝ።"

ከበሩ ዞር አለች። ከዚያ ሹክሹክታዋን ሰማሁ። ለኔ አልነበረም የምታወራው። አጠገቧ ላለ ሰው ነው።

"ልጄ... በሩን የሚነካካ ሌባ አለ።"

በኩሬን ከቁልፉ አወጣኋት። ወንድሜ ስንት ጊዜ ሌባ ሲለኝ አብሬው ስቄያለሁ። እናቴ ስትለኝ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ብረት በያጅ ይዞ እየመጣ ነው፣ በሩን ይቆርጡታል። እስከዚያ ምንም እንዳልነካ ለመነኝ። ይኸው ምንም አልነካሁም። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ቆዩ...

ከበሩ ሥር የሆነ ነገር እየተገፋ ወጣ።

መሣሪያ ናት። ከኔዋ ታጥራለች፣ ብረቷ የጥርስ ማቀፊያ ብረት ነው። በእጄ ያለፈ ብረት ስለሆነ አልስተውም። ጫፏ ላይ ያው ንክሻ አለ። የኔ ሞረዱ አምልጦኝ ነው፣ ይሄኛው ግን ተለክቶ የተሞረደ ነው። ገና ትሞቃለች።

ሌላዋ የሰጠችኝ አሁን ቁልፉ የሷ ስለሆነ ነው፤ ከእንግዲህ አያስፈልጋትም።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እናቴ የሆነ ነገር ጠየቀች፣ አልሰማሁትም። መልሱን ግን ሰማሁት። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ ከውጪ ሆኜ የምናገርበት የገዛ ድምፄ ነው።

"ሁለት ዙር ነው እማዬ፣ ማንም አይገባም።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ሄዱ። የእናቴ የሚጎተት እግር... ከጎኑ ደግሞ በሽቦ የታሰረው ነጠላ ጫማዬ።

ቀጭ።

ቀጭ።

ቀጭ።