የወይዘሮ ሰርክአዲስ ቀኖና

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ በገቡበት ሰሞን፣ የዶሮ ማነቂያ ሰው በጎን መተያየት ጀመረ፤ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሏል፤ መዝጋቢዎች በር በር እያንኳኩ የነዋሪውን ስም ይጽፋሉ፤ ስሙ የተጻፈ ምትክ ቤት ያገኛል፤ ያልተጻፈ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት እሳት የተጫጫረ ጎረቤት፣ መዝጋቢ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለመደ።

በዚያ ሰፈር ወይዘሮ ሰርክአዲስ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ፣ ጾም የማያጎድሉ፣ ምላሳቸው ግን የሚያቃጥል። ባለፈው ዓመት በእድር ስብሰባ መሀል ተነሥተው አንዱን ደህና ሰው "የድስቱ ሌባ አንተ ነህ" አሉት፤ የጠፋው የእድሩ ድስት በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ተረስቶ ተገኘ፤ ሰውየው ግን ከእድሩ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጧቸው፦ "ወለተ ማርያም፣ በዚህ ጾም ስትቆጪ፣ ሰባት ጊዜ አባታችን ሆይ ሳትዪ አፍሽን እንዳትከፍቺ።"

አንድ ማክሰኞ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ሲመለሱ፣ የግራ ጎረቤታቸው ከዲጃ ደጅ ላይ ጠበቀቻቸው።

"እትዬ ሰርኬ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ሐሜት ጾሜን ይበላዋል። ግን ዝም ብል አላህ አይወደውም። መዝጋቢዎቹ በርዎ ተዘግቶ ቢያገኙት ዓለምጸሃይን ጠየቋት። 'ሰው የለበትም፣ የኛ ዕቃ ቤት ነው' አለቻቸው። በጆሮዬ ሰማሁ።"

"አሁንስ ምን ይደረጋል?"

"እኔ 'ሰው አለበት' ብላቸው፣ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት የግራና የቀኝ ጎረቤት ቀርቦ ይፈርም ብለዋል። የግራዋ እኔ አለሁ። የቀኟ ግን እሷው ናት።"

ዓለምጸሃይ ልጇን እምሩን በጥር ድራ ማስገቢያ ቤት አጥታለች። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር መጣላቸው፤ ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን በእርምጃ ስትለካ፤ ደግሞም "እትዬ፣ ቅዳሴ በስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው?" ብላ ስትጠይቃቸው። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። የእምሩ እውነተኛ አባት ማን እንደሆነ፣ ከራሷ ከዓለምጸሃይ በቀር፣ በሰፈሩ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዓለምጸሃይ የልብስ እጣቢ ልትደፋ ወጣች። እምሩ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆሟል።

"ምነው እትዬ፣ ዓይንዎ ሊበላኝ ነው እንዴ?"

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። አንድ። ሁለት።

"እየረገሙኝ ነው?"

"ኧረ ይናገሯት!" አለች ከዲጃ። "ምላስዎን ጊዮርጊስ ትተውት መጡ እንዴ?"

አምስተኛው ላይ፣ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ሲደርሱ አልወጣ አላቸው፤ እንደገና ከ"አባታችን ሆይ" ጀመሩት። ሰባቱን ሲጨርሱ ቀስ ብለው፦

"ዓለምጸሃይ፣ ነገ ጠዋት እንድትፈርሚልኝ ነው። ሠላሳ ዓመት እዚህ መኖሬን ታውቂያለሽ።"

ዓለምጸሃይ ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሌላ… የሚሉኝ የለም?"

"የለም።"

"ምንም?"

"የለም አልኩሽ፣ ልጄ።"

በማግስቱ በአራት ሰዓት ዓለምጸሃይ ፈረመች፤ "ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለች በሰው ፊት። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ምትክ ቤታቸውን አገኙ፤ እምሩም በኪራይ ወጣ። ይቅር ብለዋታል፤ ነገር ግን ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ ቅዳሴ ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለከዲጃ እንጂ ለእሷ አልሰጡም፤ ሰው ናቸውና።

የከተማውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዶሮ ማነቂያ መቼ እንደፈረሰ፣ ስንት አባወራ እንደተነሣ ይጽፋሉ፤ ደግ ነው፣ ይጻፍ። አንዲት ባልቴት ያን ማክሰኞ አፏን ባትይዝ ኖሮ በአንድ ቃል ይፈርስ የነበረውን የዓለምጸሃይን ቤት ግን የመዘገበው የለም፤ እምሩ ራሱ አያውቀውም።