ሁለት ሲመታ አብሪ

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ግን ከምሳ በኋላ፣ ሰው ወጥቶ በሚገባበት አስፋልት ዳር፣ አጠገቤ ሌላ ሰው ቆሞ ነው የሆነው፣ ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁና እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥታ የምትሄድ ሰው ነኝ። እናቴ ዛር ነው፣ ዐይነ ጥላ ነው ስትል፣ መብራት የሚጠፋው ገመድ ሲላቀቅ ነው እንጂ ሰይጣን ምን አገባው እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር፣ በሆዴ ያልኩት ሰው ፊት አፌን ስለማልፈታ ነው። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ የመኪና መብራት ግን አውቃለሁ፣ ያስተማረኝ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ አበራ ነው።

አበራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ጀሞ ገና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ እያለ፣ ከጎፋ ወደ ነፋስ ስልክ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው፣ እኔም ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ አብሬው እሠራ ነበር። እሱ ከፊት ጎንበስ ብሎ መብራት ሲፈትሽ እኔ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። ሌሎቹ ሠራተኞች "አብራ፣ አጥፋ" እየተባባሉ ሲጯጯሁ ይውላሉ፣ አበራ ግን እኔ ሰው እየሰማኝ መጮህ እንደማፍር ስለሚያውቅ ዘዴ ፈጠረልኝ፣ በካቻቢቴው እጀታ ኮፈኑን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ካደረገው አብሪ ማለት ነው፣ አንድ ጊዜ ኳ ካደረገው አጥፊ። እመኑኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ሳንለዋወጥ የምንውልበት ጊዜ ነበር። አጠገባችን ጎማ የሚጠግነው ጋሽ ታዬ፣ እናንተ ልጆች ግንደ ቆርቁር ናችሁ እንዴ እያለ ይስቅብን ነበር።

ከዚያ አበራን መኪና ገጭቶ ገደለው። ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ዳቦ ሊገዛ መንገድ ሲሻገር ነው፣ መኪናዋ ሳትቆም ሄደች። ያየችው አንዲት በቆሎ ጠባሽ ብቻ ነበረች፣ ነጭ መኪና ናት፣ መብራት አላበራችም አለች፣ ታርጋዋን ግን አላየችም፣ ፖሊሶቹም ታርጋ ከሌለ ምን እናድርግ ብለው ነገሩ እዚያው ቀረ። እኔ ከአስፋልቱ ላይ አንድ የተሰበረ የፍሬቻ ቁራጭ አነሣሁ፣ ብርቱካን መልክ ያለው፣ አውራ ጣት የምታህል ናት፣ ከዕቃ ሳጥኑ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ሰውዬ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መብራት ሳላበራ ወንድምሽን ገጭቼ ሄድኩ ብሎ በገዛ አፉ እንዲናገር። ሰው ከመተኛቱ በፊት ይጸልያል፣ እኔ ግን እረግም ነበር፣ ብርሃን ይንሳህ፣ ጨለማ ይዋጥህ እያልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ ይህን ስናገር አላፍርም።

ሱቁን አልዘጋሁትም። ከደንበኛ ጋር የሚነጋገርልኝ ጋሽ ታዬ ነበር፣ እኔ ሥራውን እሠራለሁ። ዓመት ሲሞላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከሱቁ ፊት ቆመችና ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ አቶ ሰይፉ እባላለሁ ያለ ጎልማሳ ሰው ወረደ። በብብቱ ካርቶን ይዟል። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ማነው ሲል ጋሽ ታዬ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "እሷ ናት፣ አፏ ነው እንጂ የሚያፍረው እጇ አያፍርም" አለው።

ካርቶኑ ውስጥ ከዱባይ የመጡ ሁለት ትንንሽ ነጭ መብራቶች ነበሩ። ውጭ አገር መኪና በቀንም አብርቶ ነው የሚሄደው፣ እነዚህ ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም፣ ሞተር ሲነሣ ይበራሉ፣ ሞተር ሲጠፋ ይጠፋሉ፣ ከፊት ግጠሚልኝ አለ። እኛ አገር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ በቀን መብራት ያበራ መኪና ወይ አስከሬን አጅቧል ወይ ሹፌሩ ረስቶታል፣ መንገደኛው ሁሉ ጣቱን ዘርጋ ጨበጥ እያደረገ መብራትህ በርቷል ይለዋል። ጋሽ ታዬም አላስቻለውም፣ ጌታው፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲህ አብርተው ሲሄዱ ቀባሪ ነው የሚመስሉት አለ። ሰውዬው አልሳቀም። ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማታ በዚህ መንገድ ሳልፍ የፊት መብራቴ ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ ያሳየሁት ሁሉ ምንም የለውም ይለኛል። እኔ ላጠፋው የማልችለው መብራት ነው የምፈልገው" አለኝ። ከዚያ ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ግሮሰሪ ገባ።

ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ መብራቶቹን ከፓራውልቱ በላይ አሰርኳቸው። ገመድ የማሳልፍበት ቀዳዳ ስፈልግ በስተቀኝ ያለውን ፍሬቻ ነቀልኩት። ሽፋኑ አዲስ ነው፣ ግን የለጠፈው ሰው ሰነፍ ነበር፣ የአሮጌው ሽፋን ስባሪ ከጠርዙ ላይ ሳይነሣ አዲሱ በላዩ ተለጥፏል። ለምን እንደሆነ ሳላስበው እጄ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ቁራጯን ከጨርቋ አውጥቼ ከስባሪው ጋር አገናኘኋት። ገጠመች። ጥርሷ ከጥርሱ ገባ፣ በመሃላቸው ፀጉር አያሳልፍም።

ቀና አልኩ። ግሮሰሪው በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጠጣ ይታየኛል፣ መሄድና ፊቱ ላይ መጮህ ነበረብኝ፣ ሰው ፊት መጮህ ግን አልችልበትም። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብኩ። ገመዱን ያለ ፊውዝ አሳልፌ የቤንዚን ቱቦው ላይ ባስደግፈው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ሰውዬው ውስጧ እያለ መኪናዋ ትቃጠላለች። ማንም አይጠረጥርም። ገመዱን ያለ ፊውዝ አዘጋጀሁና ኮፈኑን መልሼ ከቁልፉ የሚመጣውን ገመድ ልፈልግ ከመሪው ሥር ገባሁ።

ያኔ ነው ኮፈኑ ኳ ኳ ያለው።

ሁለት ጊዜ። እጄ እኔን አልጠየቀኝም፣ እንደ ድሮው ሄዶ ቁልፉን አዞረ፣ ከፊቴ ያለው የሱቁ ቆርቆሮም ነጭ ብርሃን ለበሰ። ወዲያው የባትሪው ገመድ ትዝ አለኝ። አጥፍቼ ወረድኩና ኮፈኑን አነሣሁ። የባትሪው ገመድ እንደፈታሁት ነው፣ የመብራቶቹ ገመድ ጫፍ ደግሞ ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ ተንጠልጥሏል። ወደ ጋሽ ታዬ ዞርኩ፣ ቀዳዳ ሊፈልግ የጎማውን ከመነዳሪ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ገብቷል። ሳልጠይቀው፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ኳ ኳውን ደግሞ ጀመርሽው? ከስንት ጊዜ በኋላ" አለኝ።

እኔ ካቻቢቴ በእጄ አልነበረም።

ብታምኑም ባታምኑም፣ ፍርሃት አልነበረም የተሰማኝ። አበራ ፊውዝ የሌለው ሥራ ከዚህ ሱቅ አይወጣም ይል ነበር፣ እንዲበራ ነው የነገረኝ፣ እንዲነድ አይደለም። ስለዚህ ፊውዙን አስገባሁ፣ ገመዱን ከቤንዚን ቱቦው አራቅሁ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ባትሪውን መልሼ አሰርኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ አልሠራሁም።

ሰውዬው መጣ፣ ገብቶ አስነሣ፣ መብራቶቹ በሩ፣ ደስ አለው። ሞተሩን አጠፋ፣ መብራቶቹ አልጠፉም። ቁልፉን ነቀለ፣ እንደበሩ ናቸው። ምን አደረግሽ ሲለኝ ፒንሳዬን አንሥቼ እሱ እያየ፣ ጋሽ ታዬም እያየ ገመዱን ከሥሩ ቆረጥኩት። እንደበሩ ናቸው። ካፊያ ጀምሮ ነበር፣ ውሃው በመብራቶቹ ፊት ሲያልፍ እንደ መርፌ ያበራል። አንድ ጥላ የያዙ ሽማግሌ በመንገዱ ሲያልፉ መኪናዋን አዩና ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ "ነፍስ ይማር፣ የማን ቀብር ነው?" አሉን። ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰውዬው ፊቱ ዐመድ መስሏል። "ማነው ያበራው?" አለ።

"አበራ" አልኩት።

"እኮ ማን?"

"አበራ ነው ያበራው። ወንድሜ ነው።" መዳፌን ዘርግቼ የፍሬቻዋን ቁራጭ አሳየሁት።

እሱ ግን መዳፌን አላየም። የሚያየው በኮፈኑ በላይ፣ ከመኪናዋ ፊት፣ እኔና ጋሽ ታዬ የሌለንበትን ቦታ ነው። "ቱታ የለበሰው?" አለ። ስለ ቱታ ማንም አልነገረውም። ከዚያ ኮፈኑ እንደገና ኳ ኳ አለ፣ ሦስታችንም ሰማን፣ በላዩ የነበረው የዝናብ ውሃ ሲነጥር በዐይኔ አየሁት፣ ሰውዬውም እንደ ሕፃን እየተንተባተበ፣ "መብራት አላበራሁም ነበር። አላየሁትም፣ በእግዚአብሔር፣ መብራት አላበራሁም ነበር" አለ። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ጥሎ በካፊያው ውስጥ በእግሩ ሄደ።

ፈልጌው የነበረውን አገኘሁ ብዬ ከጋሽ ታዬ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊስ እስኪመጣ ግን የሰውዬው ሹፌር በማግስቱ መጥቶ መኪናዋን ወስዷት ነበር፣ ፖሊስ ሲያያት ፍሬቻዋ ከነሥሩ ተለውጧል። ሰውዬው ተጠርቶ ሲመጣ ካፖርቱም ልቡም ወደ ቦታው ተመልሷል። ደንግጬ የማላውቀውን ቀባጥሬያለሁ አለ። የዚያን ቀን መብራት አብርተው ነበር ወይ ሲባል እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ "መብራቴ በርቶ ነበር። እኔ መብራቴ ሁልጊዜ እንደበራ ነው" ብሎ ማለ። ጋሽ ታዬ የሰማውን ቢናገርም፣ ሰው ደንግጦ የቀባጠረው ማስረጃ አይሆንም ተባለ፣ ነገሩም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ጎማ ሊያስጠግን ከመጣው ሹፌሩ ነው። የቆረጥኩት ገመድ ተቀጥሎ፣ እሱ ሲነዳት መብራቶቹ እንደ ደንቡ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ጌታው ሲቀመጡባት ግን አይጠፉም፣ ቢነቀሉም የራሷ የፊት መብራቶች ይበራሉ፣ አሁን ሸጠዋት ሌላ ገዝተዋል አለ። ስለ አዲሷ መኪና ስንጠይቀው ጎማውን እያንከባለለ ሄደ።

እሷን ራሴ አየኋት። ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል፣ ቀትር ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ሁሉ ቆሟል፣ በመሃል አንዲት ሰማያዊ መኪና መብራቷ ቦግ ብሎ ታየችኝ። መንገደኛው ጣቱን ዘርጋ ጨበጥ ያደርጋል፣ የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ፣ ጋሼ መብራት፣ መብራት ይላል፣ ከኋላዋ ያሉ ሁለት መኪኖች ደግሞ ቀብር መስሏቸው የራሳቸውን አብርተዋል። አቶ ሰይፉ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል፣ ከስቷል። እኔን ሲያየኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ አጥፊልኝ" አለኝ።

ካቻቢቴዬ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፣ አወጣሁትና እጀታውን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩት፣ ብረቱ ይሞቃል። ሰውዬው እጄን ያያል፣ "አንድ ጊዜ" አለኝ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ምቺልኝ።" ልብ በሉ፣ ያንን ምልክት ከእኔና ከአበራ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ጋሽ ታዬ እንኳ ኳ ኳውን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም።

ካቻቢቴዬን ወደ ኪሴ መለስኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ እርስዎ ማለት ግን አልመጣልኝም። "መብራትህ ሁልጊዜ እንደበራ ነው አይደል ያልከው?" አልኩት፣ "እንግዲህ ይብራ።" መንገዱ ተከፈተና ከኋላው ያሉት መኪኖች ክላክስ ማሰማት ጀመሩ፣ ሄደ። እኔ ስለምንለት የኖርኩት ጨለማ ነበር፣ የተሰጠው ግን ብርሃን ነው፣ ይህም ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

የማይገባኝ ካቻቢቴዬን ወደ ኪሴ ከመለስኩበት ቀን ወዲህ ያለው ነው። ሱቁን ዘግቼ ቤት ስገባ፣ ገና በሩን ሳልቀረቅር፣ የቤቴ ቆርቆሮ ከውጭ በኩል ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ይላል። አምፖሉን አበራለሁ። ኳ ኳ ይላል። ኩራዝ እጨምራለሁ፣ ሻማም እጨምራለሁ፣ የቤቱ ጥግ እንኳ ጥላ የለውም፣ አሁንም ኳ ኳ ይላል። ምን እንዳበራለት እንደሚፈልግ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እስከ ዛሬ አልመታም።