በቅርጫ የተከፈለው ሰዓት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ጣሪያችን ላይ ኮቴ ሰማን ለሚሉኝ ጎረቤቶች ድመታችሁን እሰሩ ብዬ የምመልስ፣ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮኽ እንኳ ጨጓራው ይሆናል የምል ደረቅ ሰው ነኝ። ሚስቴ "አንተ ካልፈታኸው አታምንም" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጎንደር ፒያሳ፣ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ስፈታ ነው፣ ሰዓት ደግሞ ሞላና ጥርስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ይኸን ያዝልኝና ልቀጥል።

ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። ሁለት ወንድማማቾች ጋቢያቸው በስብሶ ገቡ፣ ታላቁ አለባቸው ይባላል፣ ታናሹ ሲሳይ፣ የመጡት ከመካነ ብርሃን ነው። አባታቸው ሞተው መሬቱን ተካፍለዋል፣ ከብቱን ተካፍለዋል፣ የቀራቸው አባትየው በደረት ኪሳቸው ይዘውት የኖሩት፣ የብር ቀፎ ያለው የኪስ ሰዓት ብቻ ነው። ቆሟል። ከፈትኩና አየሁት፣ ሞላው ደህና ነው፣ ዘይቱ ደርቆበት ነው እንጂ ምንም አልሆነም።

"ሸጋ ሰዓት ነው፣ አጥቤ አስነሳላችኋለሁ" አልኳቸው።

"አታስነሳው" አለኝ አለባቸው። "ፈተህ ለሁለት ክፈለው።"

"ምነው፣ ሰዓት እኮ የቅርጫ በሬ አይደለም!"

"ሽማግሌ ጨርሶታል ጋሼ" አለ ሲሳይ መሬት መሬቱን እያየ። "እናታችንም ጠባችሁን ጨርሳችሁ አብራችሁ ካልመጣችሁ በሬን አልከፍትም ብላለች።"

ተራ በተራ ብትይዙትስ ብዬ ሞከርኩ፣ አለባቸው ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። እኔም ተናደድኩ፣ እንደ እናንተ ያለ ልጅ ከመውለድ መክኖ መቅረት ይሻላል ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩትና ወረንጦዬን አነሳሁ። ሞላውን አላልቼ አወጣሁ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት መደብ አድርጌ ደረደርኩ፣ ልክ እንደ ሥጋ። ዕጣ የምትጥል ገለልተኛ ሰው ስንፈልግ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሻይ የምትሸጠዋን እትዬ ውዴን ጠራናት፣ አንዱ ቁልፍ ሰጣት፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ ጣል ጣል አድርጋ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

ድምፁ የጀመረው ያኔ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ልብ በል፣ ሞላው ወጥቶ ፊቴ ተኝቷል፣ አንዱ ጥርስ ከአንዱ አይነካካም። መቼም ከግድግዳዬ ነው ብዬ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ባትሪያቸውን ነቀልኩ፣ ሁሉም ቆሙ፣ ያ ግን አልቆመም።

"የሚሠራው ላንተ ደረሰህ!" አለ አለባቸው።

"አያ፣ ካንተ መደብ እኮ ነው የሚሰማኝ" አለ ሲሳይ።

ተቀያየሩ። አሁንም ለአንዱ የሚሰማው ከሌላው መደብ ነው። አለባቸው ከወንድሜ ጋር መክረሃል ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ ግራው ሳስጠጋ ከቀኝ መጣ፣ ወደ ቀኙ ስዞር ከግራ፣ እመነኝ፣ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው።

በመጨረሻ ሲሳይ የራሱን ድርሻ ሰብስቦ ወደ ወንድሙ ገፋው። "እንካ አያ፣ ሁሉንም ውሰደው። ለእኔ ወንድሜ ይበልጥብኛል። ና እንሂድ፣ መኪናው ያመልጠናል።"

አለባቸው ሁሉንም በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ድምፁ የለም። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው።

"ምኑን አስቀረኸው?"

ያዘው። ጋቢውን ገልጦ ፈተሸው፣ ኪሱን ገለበጠው፣ ምንም የለም፣ ከዚያ አንገቱን አቅፎ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። እትዬ ውዴ ከውጭ አየቻቸው፣ የታረቁ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው፣ "እሰይ! የእናት ልጅ!" አለች፣ አንድ መንገደኛም ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ፣ አለባቸው ጥርሱን ነክሶ "እዚህ ነው ያለ፣ ሌባ" ሲል ሰምቻለሁ። ድምፁም ከሲሳይ ደረት ይሰማ ነበር፣ የልብ ምት ነው እንዳትለኝ፣ ልብና ሰዓት የማልለይ ከሆነ ሱቄን ልዝጋ።

ሲሳይ አልተቆጣም፣ የወንድሙን እጆች ቀስ አድርጎ ከአንገቱ አወረደና ወጣ። ወደ አገራቸው ወደሚወስደው የደባርቅ መኪና አልሄደም፣ ቁልቁል ወደ አዘዞ ነው የወረደው።

መስከረም ከጠባ በኋላ አለባቸው ብቻውን ተመለሰ፣ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። እናቱ በሯን አልከፈተችለትም። የሲሳይ ስልክ አይሠራም፣ መተማ ወርዷል የሚል አለ፣ ድንበር ተሻግሯል የሚልም አለ፣ አየሁት ያለ ግን የለም። መሐረቡን ፊቴ አስቀመጠና "ግጠመው፣ ሳገኘው የምሰጠው ለሱ ነው" አለኝ። በውስጤ አሁን ነው የገባህ አልኩ፣ ግን አዘንኩለት።

አጥቤ፣ ዘይት ነክቼ ገጠምኩት። ሞላሁት፣ ተነሳ። ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፣ አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም። የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ጥርሶቹ ሲዞሩ በዓይኔ አየሁ። ድምፅ ግን የለውም። የሚሄድ ሰዓት ድምፅ ሳያሰማ አይቼ አላውቅም፣ ዛሬም ድረስ ምክንያቱ አልገባኝም፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እሱን ማሰብ አልወድም።

አለባቸው ከእጄ ነጥቆ ጆሮዬ ላይ ያዘው። "ይሰማሃል?"

ልዋሸው አስቤ ነበር። "አይሰማኝም" አልኩት።

"እስኪ በሌላኛው ጆሮህ" አለኝ።