ከማብሪያው ላይ የተነሳው ጓንት

የመሣሪያ ቦርሳው ከብዷል።

እሾህ መሰላሉ ሥር አስቀምጦት ሲወጣ ቀላል ነበር። አሁን ፒንሳውና ካቻቪቴው በቦታቸው አሉ፤ ከሥራቸው ግን ሽጉጥ ተኝቷል።

ርክክቡ ተፈጽሟል።

አስረካቢው ጥቂት ራቅ ብለው፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ አንጋጠው የአዳራሹን ጣራ ያያሉ። በስለላ መሥሪያ ቤቱ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ነው የሚላቸው። «እሾህ» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጡለት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመስለው ኤክስፖው ውስጥ የተከሉት፣ ወንድሙ የሞተ ጊዜ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

በአጠገቡ ሲያልፉ ከንፈራቸው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም።

«ሰውየው ሽክ ነው። የወንድምህን ጓንት ከማብሪያው ላይ አንስቶ ኤሌክትሪኩን የለቀቀበት እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ አዳራሹን ሊያነድ ነው። ፊርማው ሳይጀመር ጨርሰው።»

«በሕይወት ብንይዘውስ?»

«እሱ ወንድምህን በሕይወት ተወልህ?»

ሽክ የአዳራሹ የጥበቃ ኃላፊ ነው። ዝንብ ጫማው ላይ ብታርፍ ትንሸራተታለች፤ ቅጽል ስሙንም ያተረፈው በዚሁ ነው። እሾህ ደሙ ፈላ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሽክ ቢሮ ደረጃውን ተያያዘው።

ከታች እንግዶቹ ወንበር እየያዙ ነው። አገሪቱ ዕድሜዋን ሙሉ የመዳብ ድንጋይ ቆፍራ በጥሬው ስትሸጥ፣ ሽቦውን መልሳ በውድ ስትገዛ ኖራለች። የዓለም ኤክስፖውን ያዘጋጀችው ይህን ኑሮ ልትገለብጥ ነው። ዛሬ የውጭዎቹ ባለፋብሪካዎች ይፈርማሉ። ጎብኚው ሲበተን ደግሞ የተሠራው አይፈርስም። ጎረቤቱ ሕንፃ የሽቦ ፋብሪካ፣ ይህ አዳራሽ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ የረጅሙ ዘመን ዕቅድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ድንጋዩን በርካሽ መውሰድ የለመዱት ግን ይህን አይወዱም። አዳራሹ በእንግዶቹ ፊት አንዴ ቢነድ ማን ይፈርማል?

ወንድሙ የሞተው እዚሁ ጣራ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። መስመር ላይ የሚወጣ ሰው ማብሪያውን ያጠፋና የራሱን ጓንት ይሰቅልበታል። የተሰቀለን ጓንት ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካም፤ ሚኒስትርም ቢሆን። የወንድሙ ጓንት ግን በሬሳው ኪስ ውስጥ ተገኘ። «ሳይሰቅል ወጣ፤ የራሱ ጥፋት ነው» ተባለ። እናቱን ከሞቱ ይልቅ የበላቻት ይህቺ ቃል ናት። እጇን ይዘው «ልጅ አይደል፣ ረስቶት ነው» ያሏትም ጋሼ ናቸው።

ደረጃው መሐል ላይ እግሩ ቆመ።

ከማብሪያው ላይ አንስቶ?

ጓንቱ ተሰቅሎ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ከሟቹና ካነሳው ሰው በቀር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወይስ ሽክን መርምረው ደርሰውበት ይሆን? እሾህ እንደዚያ በሆነ ብሎ ተመኘ። አባት የሆኑለትን ሰው መጠርጠር አንጀት ይበላል።

የሽክን በር ከፍቶ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጋሼ እንድገድልህ ልከውኛል።»

ሽክ ሽጉጡን አየ፤ ሰውየውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። የጣራውን መስመር ኃይል ሲያገኝ እሳት እንዲያስነሳ አድርጎ የነካካው ሰው አለ፤ ጋሼን ከጠረጠረ ቆይቷል፤ የሚይዝበት ማስረጃ ግን አጥቷል። እሾህ ማስረጃውን እኔ አመጣለሁ አለው።

ጣራ ላይ ወጥቶ የተነካካውን ሽቦ ቆረጠ። ወደ ማብሪያው ክፍል ወርዶ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከቦርሳው ያልለየውን የወንድሙን ጓንት የጣራው ማብሪያ ላይ ሰቀለ። ለጋሼ በስልክ «ሽክ አልቋል» ብሎ ላከ። ሽጉጡን ይዞ ከሳጥኖቹ ጀርባ ቆመ፤ ሽክ ከበሩ ጀርባ ተሸሸገ።

በሩ ተከፈተ።

ጋሼ ብቻቸውን ናቸው። ጓንቱን አዩት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይመለስ ነበር። እሳቸው በሁለት ጣታቸው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። ማብሪያውን ገፉት።

ምንም አልነደደም።

አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

«ኪስህ የከተትከው የወንድሜን ጓንት ነው» አለው እሾህ። ሽክ ከኋላ በሩን ዘጋው።

ጋሼ አልካደም። «ለድንጋዩ ገዢዎች ብዬ ሽቦውን ስነካካ ወንድምህ አየኝ፤ ምን ላድርግ? አንተን ግን እንደ ልጄ ነው ያሳደግሁህ።»

የእሾህ ጣት ምላጩ ላይ ነበር። ስቦ ሊጨርሰው ፈለገ፤ በሙሉ ልቡ ፈለገ። ግን ሙት አይናዘዝም። በግራ እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

ሽክ ገባው። «የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ካወጣህ ከእናትህ ጋር ዳግም አያገናኙህም።»

«አውቃለሁ።» ስልኩን ወደ ጋሼ ዘረጋ። «ንገራት።»

ጋሼ አፈሙዙን አየና ነገራት።

«ልጄ ጓንቱን ሰቅሎ ነበር ማለት ነው?» አለች እናቱ።

«ሰቅሎ ነበር» አላት ጋሼ።

«አጠገቤ ቁጭ ብለህ እንባዬን ጠረግህልኝ። ያ እጅህ ይድረቅ።»

ጋሼ በጓሮ በር ተወሰደ። አዳራሹ ውስጥ ፊርማው በጭብጨባ አለቀ፤ ከእንግዶቹ አንድም ሰው ምንም አላወቀም። ምስጢር ያወጣው እሾህ ግን ስሙ ተፋቀ፤ ወደ እናቱ ቤት ዝር እንዳይል ታዘዘ። እሺ አለ። ዋጋውን አውቆ ነው የደወለው።

ኤክስፖው ተዘጋ። አዳራሹ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ተማሪዎቹ ከሁሉ በፊት የሚማሩት ጓንት መስቀልን ነው። ጎረቤቱ የሽቦ ፋብሪካ ውስጥ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ የሚሠራ ዝምተኛ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ የድሮ ስሙን የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ስትመጣ አያት። መንገድ ሊቀይር አስቦ ዘገየ። ጎን ለጎን ሲተላለፉ ዞር ብላ አላየችውም።

«ምግብ ብላ፤ ከስተሃል» አለች፣ መንገዷን ሳታቋርጥ።

እሱም አልቆመም። ወደ ፋብሪካው ገባ፣ ማብሪያውን አጠፋ፣ ጓንቱን ሰቀለና መሰላሉን ወጣ።