ከውሃ ጉድጓዱ ዳር የተፈታው መቀነት

ጋልሳን ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ በጀርባው ተንጋሏል። ከደረት አጥንቱ በታች፣ ወደ ቀኝ ጎኑ ጠጋ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ከሥሩ ያለው አሸዋ ግን እምብዛም ደም አልነካውም። ኢንስፔክተር ዱልማ ከጂፑ ስትወርድ ሰዎቹ ፍርዱን ጨርሰው ነበር የጠበቋት።

«ደግሞ ምን ይመረመራል?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ቾይጂል። «የዚህን ሰፈር በግ የሚያርደው ፑሬቭ ነው። እኛ ዘንድ በግ ሲታረድ ደረቱ ሥር ትንሽ ይበጣና፣ እጅ ገብቶ አከርካሪው ላይ ያለው ትልቁ የደም ሥር ይበጠሳል። ደሙ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ይኸው! ወንድሜን እንደ በግ አረደው። ይህን ልጅ ጫኚውና ውሰጂው!»

ፑሬቭ የሟቹ የሴት ልጁ ባል ነው። እጁን በልጓም አስረው፣ አምጥተው የጂፑ ጎማ ሥር አስቀምጠውታል። እናቱ ሃንዳ ሌላ ሰው እንዳይነካው የፈለገች ይመስል ከፊቱ ቆማለች።

«አንተ ተናገር» አለችው ዱልማ።

«ከሰሜን በኩል በፈረስ መጣ፤ ኮርቻው ላይ ተደፍቶ። ምን ሆነሃል ብለው አልመለሰልኝም። አወረድኩት። መቀነቱ ደረቱ ሥር ጥርቅም ብሎ ታስሯል። መተንፈስ ያቃተው መሰለኝና ፈታሁለት። ሁለቴ አቃሰተ፤ አበቃ።»

«ተረት!» አለ ቾይጂል። «ትልቁ የደም ሥሩ የተበጠሰ ሰው ፈረስ ይጋልባል?»

ከሰሜን በኩል ያሉት ሁለት ድንኳኖች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የቾይጂል፣ ሌላው የጎረቤቱ የጃምባ። ዱልማ ወደ ጃምባ ዞረች።

«በግጦሽ ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ከጋልሳን ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ከገዛ ፈረሱም ጋር ይጣላ ነበር» አለ ጃምባ። «እኔ ቤት ግን አልመጣም። ቢመጣማ የተብላላው የፈረስ ወተት መጠጤ ያልቅ ነበር። ሄደሽ እዪው፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው።»

«እርስዎስ ጋሼ ቾይጂል?»

«ከበግ ሸለታው ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። አሁን ሬሳውን ብቻዬን ልገንዘው። የታላቅ ወግ ነው።»

«ትንሽ ይታገሱ።»

«አንቺ ልጅ፣ ወግ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ሐኪሙ ይቅደም።»

ሬሳው ድንኳን ገባ። ከዱልማ ጋር የመጣው ወጣቱ ዶክተር ቢልጌ ሆዱን ሲከፍት ዱልማ የሟቹን ልብስ አንድ በአንድ አየች። ረጅሙ ካባ ተበስቷል። ሰፊው መቀነት ግን አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ቆዳውን የነካው እጥፋት በደም ርሷል፣ የላይኛው ንጹሕ ነው። ከካባው ጉያ የሱረት ብልቃጥ አወጣች፤ መክደኛዋ ቀይ ዛጎል ነው። ምንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው።

«ነይ እዪ» አለ ዶክተሩ። «ሆድ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ከአከርካሪው ግራ ያለው ደም ቅዳ ነው፤ ከልብ የሚወርደው። ለጉበት፣ ለአንጀት፣ ለኩላሊት እያካፈለ መጥቶ እምብርት አካባቢ ለሁለቱ እግሮች ይከፈላል። እሱ ቢቀደድ በየልብ ምቱ ይረጫል፤ ሰውየው መቶ እርምጃ እንኳ አይሄድም። ግን ደህና ነው። የተወጋው በስተቀኝ ያለው ደም መልስ ነው። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው።»

«እሱስ?»

«ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ከላይ አጥብቆ የሚጫነው ነገር ካገኘ ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው።»

ዱልማ መቀነቱን አጣጥፋ ወጣች። ሁሉንም ክብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

«በወጋችን የሱረት ሰላምታ እንለዋወጥ» አለች።

ጃምባ ብልቃጡን በቀኝ እጁ አውጥቶ ሰጣት፤ አሽትታ መለሰችለት። ቾይጂል ጉያውን ዳበሰ።

«ቸኩዬ ስወጣ ቤት ረሳሁት።»

«ይሁን» አለች ዱልማ። «ፑሬቭ በግ ሲያርድ ጣቱ የሚሄደው በግራ ወዳለው ደም ቅዳ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አልነካውም። የተወጋው በቀኝ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ወዲያው አይገድልም። ካባው ተበስቷል፣ መቀነቱ አልተበሳም። ታዲያ መቀነቱ ከቁስሉ ላይ የታሰረው ከተወጋ በኋላ ነው። ጋልሳን ራሱ ወደ ላይ ስቦ አጥብቆ አሰረው፣ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ እዚህ ደረሰ። ስለዚህ የተወጋው እዚህ አይደለም። ሰሜን ነው።»

«ሰሜን እኔም አለሁ» አለ ጃምባ፣ ሳቁ ጠፍቶ።

«አዎ፣ እርስዎም አሉ። ግን እንግዳ ሲገባ ብልቃጥ ይለዋወጣል፤ አሽትቶም ለባለቤቱ ይመልሳል። ጋልሳን ያልመለሰው አለ።» ከኪሷ አውጥታ መሃል አስቀመጠችው። «የማን ነው?»

ጃምባ ጎንበስ አለ። «ቾይጂል... ይሄ የአባታችሁ አይደል? አንተ ነህ የያዝከው።»

ቾይጂል ጉያውን ሲዳብስ የነበረ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

«የጠፉበትን ባዝራዎች እኔ ጋ አየ» አለ። «በሱ ማኅተም ላይ የኔን ደርቤ ተኩሼባቸው ነበር። የኔን ሱረት እያሸተተ 'ለፖሊስ እነግራለሁ' አለኝ። እኔን! ታላቁን! ወግቼው እንኳ አልጮኸም፤ መቀነቱን አጥብቆ ወጣ።»

ቾይጂልን ጂፑ ላይ አወጡት። ዱልማ የፑሬቭን ልጓም ፈታች።

«ዶክተር» አለ ፑሬቭ፣ ሳይነሳ። «መቀነቱን ባልፈታው ኖሮስ?»

ቢልጌ ሃንዳን አያት፤ ከዚያ ልጁን።

«ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ምናልባት አይደርስም ነበር። ምናልባት ይደርስ ነበር። አላውቅም።»

ሃንዳ ከልጇ ፊት በርከክ አለች። ልጓሙ ቢወልቅም ፑሬቭ ሁለቱን እጆቹን እንደታሰሩ አጣብቆ ይዟቸዋል። «እንዲተነፍስ ብለህ ነው» አለችው፤ ከዚያም ጣቶቹን ከጣቶቹ አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረች።