የሽንት ቤቱ ቁልፍ

ውሻው ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ ነቃ።

የእንስሳት ሐኪሟ ተሯሩጣ በሌላ ማደንዘዣ አስተኛችው፤ ቁስሉን ሰፍታ ስትጨርስ መጀመሪያ የወጋችውን ማደንዘዣ፣ የኬታሚኑን ጠርሙስ፣ ለፖሊስ አስረከበች። ውስጡ ውሃ ነበር። የቀሩት አምስት ጠርሙሶችም እንደዚያው።

የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነው፤ በሐኪሟ፣ ረዳቷ በሆነው ታናሽ ወንድሟና በሽማግሌው ዘበኛ። ሁሉም ወደ ዘበኛው አየ። ድሃ ሲጠረጠር ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ጠብቄ መጨረሻዬ ሌባ መባል ይሁን?" አሉ ዘበኛው። እንባቸው መጣ።

የፖሊስ መርማሪዋ ሦስቱንም በየተራ ጠየቀች። ወንድምየው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ "ይቅርታ፣ መጣሁ" ብሎ ወጣ። ፈርቶ ነው ብላ አለፈችው።

ኋላ እሷም ሽንት ቤት ፈለገች። ቁልፉ በአሮጌ የውሻ ማሰሪያ ታስሮ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ የተጠቀመ መልሶ መስቀል የቤቱ ሕግ ነው። ምስማሩ ባዶ ነበር።

"ማን ወሰደው?"

"ረዳቱ ነዋ" አሉ ዘበኛው። "ይኸው ስንት ወሩ፣ ከኪሱ አይወጣም። እሱን ለምነን ነው የምንገባው።"

መርማሪዋ አልሳቀችም። እንዲህ የሚመላለስ ወጣት በሌላ ጉዳይ አይታ ታውቃለች። ወንድምየውን አስጠራችው።

"ሽንትህ ደም አለው?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እህቱ ዞር ብላ አየችው።

"ከጀመረህ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ስድስት ወር።" ድምፁ ተሰበረ። "መጀመሪያ ኬታሚኑን ከሳጥኑ የወሰድኩት ከጓደኞቼ ጋር ለጨዋታ ነበር። ከዚያ የሽንት ፊኛዬ ያቃጥለኝ ጀመር። ሕመሙን የሚያስረሳኝ ደግሞ ያው ኬታሚን ብቻ ሆነ።"

"ሕመሙን ያመጣብህም እሱ ነው።"

"ዘበኛው አባባ ሲያለቅሱ እያየህ ዝም አልክ?" አለች እህቱ።

"ከተናገርኩ ኬታሚኑን ያቋርጡብኛል ብዬ ነው።"

ፍርድ ቤቱ እንዲታከም አዞ በገደብ ለቀቀው። ከሰባት ወር በኋላ መርማሪዋ ቢሮ መጣ። ኬታሚኑን እርግፍ አድርጎ ትቷል። ሐኪሞቹም በየሳምንቱ በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ፊኛው ውስጥ ሲያደርጉለት ቆይተው፣ ቃጠሎው ቀስ በቀስ ለቆታል።

"ከቤት እዚህ ድረስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው" አላት። "አንዴም ልውረድ አላልኩም። ባትይዢኝ ኖሮ ፊኛዬን ቆርጠው ያወጡት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"

ከያዘችው ሌባ ምስጋና ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

"አባባንስ?"

"ትናንት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። 'ይቅር ብያለሁ፤ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ግን ወዲህ በል፣ በሩን ሰብረን ነው የገባነው' አሉኝ። ለካ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ኖሯል።"

"መለስክላቸው?"

"ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ እንደ ድሮው ቁልፉ አለ ወይ ብዬ ኪሴን ሳልዳብስ ወጣሁ።"